የቆቃ ውሃና የአዳማ ነፋስ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ታሪክ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የአገራችን ታሪክ ሲጻፍ የጦር ሜዳውና የዙፋኑ ነገር ሰፊውን ምዕራፍ ይይዛል፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ማታ በምን ብርሃን ራቱን እንደ በላ፣ ወፍጮው በምን ኃይል እንደ ዞረ፣ ተማሪውም ትምህርቱን በምን መብራት እንዳጠና የሚተርክ ታሪክ እምብዛም አይገኝም። መብራት እስካለ ድረስ ስለ መብራት የሚያስብ ሰው የለም፤ በጠፋ ጊዜ ግን ጨለማው ሁሉንም ያነጋግራል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የአዳማንና በአካባቢዋ ያሉትን የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መሠረት አድርገን፣ የኤሌክትሪክ ኃይል በአገራችን እንዴት እንደ መጣ፣ ምን እንዳስተማረንና ምን እንደሚጠይቀን ባጭሩ ለመግለጽ አስበናል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ሜጋዋት ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ገበሬ ስንት ኩንታል ጤፍ እንደ ወቃ ብቻ ቢነገረን ቤተ ሰቡ ክረምቱን ጠግቦ መውጣቱን ልናውቅ አንችልም፤ ጎተራው ደኅና መሆኑንና እህሉ እስከ ሐምሌ መድረሱን ደግሞ መጠየቅ አለብን። የኤሌክትሪክ ነገር ከዚህም ይጠብቃል። ጤፍ በጎተራ ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪክ ግን በተሠራበት ቅጽበት መበላት ያለበት እህል ነው። በሽቦው ላይ የሚገባው ኃይልና ከሽቦው ላይ የሚወሰደው ኃይል በየቅጽበቱ እኩል ካልሆነ መሥመሩ ይታወካል፤ ከዚያም አልፎ ይቋረጣል። ባትሪ ጥቂቱን ሊያቆይ ይችላል፤ የአንድ አገርን ፍላጎት ለወራት በባትሪ ማቆየት ግን ዛሬም ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ ጎተራው መሠራት ያለበት ከኤሌክትሪኩ በፊት ነው፤ ይኸውም በግድብ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ፣ ከምድር በታች በታመቀ እንፋሎት፣ በተከማቸ የአገዳ ገለባ ነው። ባለሙያዎች «የኃይል ሥርዓት ተጣጣፊነት» የሚሉት፣ አንዱ ምንጭ ሲደክም ሌላው ወዲያው ተነሥቶ ሸክሙን እንዲቀበል የማድረግን ችሎታ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ነው፤ አገር በኃይል የሚከብረው በሠራው መጠን ብቻ ሳይሆን፣ የሠራውን በሰዓቱና በወቅቱ ለማድረስ በሚችልበት ሥርዓት ነው። ይህንንም አሳብ ከአዳማ አካባቢ የተሻለ ሊያስረዳ የሚችል ሥፍራ በአገራችን የለም ብለን እናምናለን።

የኤሌክትሪክ ብርሃን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በዚያን ጊዜ መብራቱ የቤተ መንግሥት ጌጥ እንጂ የሕዝብ መገልገያ አልነበረም። ከዚህ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ፤ ጉልበቱም 6 ሜጋዋት ያህል ነበረ። በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት ከተሞች ግን መብራት ካገኙ የሚያገኙት በናፍጣ ከሚሠራ አነስተኛ መኪና ነበረ። መኪናው ማታ ይነሣል፤ ጥቂት ሰዓት ያበራል፤ ናፍጣ ካለቀ ወይም ዕቃ ከተሰበረ ከተማው ወደ ኩራዝ ይመለሳል። አንዱ ከተማ ቢተርፈው ለጎረቤቱ የሚያካፍልበት ሽቦ አልነበረም።

አዳማም የምድር ባቡሩ መሥመር ያሳደጋት ከተማ ናት። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በዚህች ሜዳ ላይ አለፈ። ከባቡሩ ቀጥሎ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑም ቀጥሎ ወፍጮውና የዘይት መጭመቂያው መጡ። በ1954 ደግሞ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በወንጂ የስኳር ፋብሪካውን ሥራ አስጀመረ። እንዲህ ያለው ሥራ ሁሉ ማታ ማታ ብቻ በሚነሣ የናፍጣ መኪና ሊያድግ እንደማይችል ግልጽ ነበረ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1956 በአዋጅ ሲቋቋም የተሰጠው ሥራ፣ በየቦታው ተበታትኖ የነበረውን ኃይል በአንድ ሥርዓት ማደራጀት ነበረ።

የቆቃ ግድብ ታሪክም ከዚሁ ዓመት ጋር የተያያዘ ነው። በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ኢትዮጵያን በመውረሯ ላደረሰችው ጥፋት 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖ ነበረ። አፈጻጸሙ ግን ብዙ ክርክር አስነሣ፤ በመጨረሻ በ1956 ሁለቱ መንግሥታት በሌላ ውል ተስማምተው ካሣው ባነሰ መጠን ተቆረጠ፤ ከዚሁም ላይ ለቆቃ ግድብ ሥራ እንዲውል ተደረገ። የጦርነት ዕዳ ወደ መብራት ሲለወጥ ማየት በዓለም ታሪክ ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አይደለም። በዓድዋና በማይጨው የወደቁትን ደም ሊተካ የሚችል ካሣ ባይኖርም፣ ገንዘቡ በወንዝ ላይ ሥራ ሆኖ መቆሙ ለትውልድ የሚታይ ምልክት ነው።

ግድቡ በ1960 ተጠናቅቆ ሥራ ጀመረ። እያንዳንዳቸው 14.4 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሦስት መዘውሮች የተተከሉበት ሲሆን ጠቅላላ ጉልበቱ 43.2 ሜጋዋት ነው። በዚያን ጊዜ ለአገሪቱ ይህ ታላቅ ነገር ነበረ። ነገር ግን የቆቃ ዋና ሥራ መዘውሮቹ ብቻ አልነበሩም። አዋሽ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይከሳል። ከግድቡ በስተ ኋላ የተፈጠረው ሐይቅ በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደውን ጎርፍ ይቀበልና ለጥርና ለመጋቢት ያቆየዋል። በዚህም ወንዙ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሆነ፤ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ብቻ ሳይሆን ከግድቡ በታች ያለው የወንጂ አገዳ፣ ከዚያም ወዲያ የመተሐራ እርሻ፣ እስከ አፋር ሜዳ ያሉትም የጥጥ እርሻዎች በበጋ ውሃ ለማግኘት ቻሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የተደረገው ነገር በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በ1966 አዋሽ ሁለተኛ፣ በ1971 ደግሞ አዋሽ ሦስተኛ የተባሉት ጣቢያዎች ከቆቃ በታች በዚያው ወንዝ ላይ ተሠሩ፤ እያንዳንዳቸውም 32 ሜጋዋት ናቸው። ሁለቱም የየራሳቸው ታላቅ ሐይቅ የላቸውም፤ የሚሠሩት ቆቃ በሚለቀው ውሃ ነው። እንግዲህ አንዱ ውሃ ከቆቃ ወርዶ አንድ ጊዜ፣ በአዋሽ ሁለተኛ ሁለተኛ ጊዜ፣ በአዋሽ ሦስተኛ ሦስተኛ ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያም በኋላ ወደ እርሻ ይገባል። አንዲት ጠብታ ሦስት መዘውር አዙራ አገዳ ታጠጣለች ማለት ነው። ዛሬ «የተቀናጀ የኃይል ዕቅድ» እየተባለ በየጉባኤው የሚነገረው ነገር በአዋሽ ላይ ከ50 ዓመት በፊት በተግባር ተጀምሮ ነበረ። ይህን ስንል የዚያን ዘመን ሰዎች ሁሉን አይተው ነበር ለማለት አይደለም፤ ወንዙን ከላይ እስከ ታች እንደ አንድ ነገር ቆጥረው መሥራታቸው ግን ሊመሰገን ይገባል።

ያላዩት ወይም አይተው የተዉት ነገርም ነበረ። ከሐይቁ በታች የገባው መሬት የሰው እርሻና ግጦሽ ነበረ፤ የመብራቱ ሽቦ ከራሱ በላይ አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ በሐይቁ ዳር የሚኖረው ገበሬ ግን ለብዙ ዘመን በኩራዝ አምሽቷል። ሁለተኛው ነገር ደለል ነው። አዋሽና የሞጆ ወንዝ ከደጋው የታረሰ መሬት አፈር ጠርገው ወደ ሐይቁ ያስገባሉ። አፈሩ በሐይቁ ወለል ላይ በተኛ ቁጥር የውሃው ቦታ ይጠባል። ይህ የዓሣው ወይም የሐይቁ ውበት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን፤ ጎተራው እየጠበበ መሄዱ ነው። መዘውሮቹ ዛሬም 43.2 ሜጋዋት ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ ነገር ግን የክረምቱን ውሃ ለበጋ ለማቆየት የሚችለው ሆድ በደለል ከተሞላ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ከዚህም ጋር እምቦጭ የተባለው አረም በ1965 በአገራችን በመጀመሪያ የታየው በዚሁ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። የአባ ሳሙኤልም ግድብ በዕድሜና በአያያዝ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ኋላ መታደሱ ለቆቃ ጠባቂዎች ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል።

ከቆቃ በኋላ አገራችን ሌሎች ወንዞቿን ተራ በተራ ገደበች። ፊንጫ በ1973፣ መልካ ዋከና በ1988፣ ግልገል ጊቤ አንደኛ በ2004፣ ተከዜ በ2009፣ ጣና በለስ በ2010 ሥራ ጀመሩ። የጊቤ ሦስተኛ 1,870 ሜጋዋት በ2016 ተመረቀ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም በመስከረም ወር 2025 በ5,150 ሜጋዋት ተመርቆ የሕዝቡ የብዙ ዓመት መዋጮና ድካም ፍሬ ሆነ። በዚህ ማንም ኢትዮጵያዊ ይኮራል። ነገር ግን ኩራት ማሰብን ሊከለክል አይገባም። ግድቦቹ በልዩ ልዩ ወንዞች ላይ ቢቆሙም የሚሞላቸው በአብዛኛው አንዱ የክረምት ዝናም ነው። ዝናሙ ሲያጥር ብዙዎቹ በአንድነት ይጎድላሉ። በ2003 በደረሰው የውሃ እጥረት ኤሌክትሪክ በፈረቃ ታደለ። በ2019 በግንቦት ወር ደግሞ የጊቤ ሦስተኛ ሐይቅ ውሃ ዝቅ በማለቱ ቤቶችም ፋብሪካዎችም በፈረቃ እንዲጠቀሙ ተደረገ። በዚያን ጊዜ በመዘውር በኩል ጉድለት አልነበረም፤ የጎደለው መዘውሩን የሚያዞረው ነበረ። ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ዛምቢያ በካሪባ ሐይቅ ላይ በመመካቷ በ2024 በደረሰው ድርቅ ሕዝቧ በቀን ለረጅም ሰዓታት ያለ መብራት ለመቆየት ተገዷል።

ታዲያ መልሱ ከወዴት ይመጣል? ከመልሶቹ አንዱ ከዚያው ከአዳማ ተራሮች መጣ። የአዳማ ነዋሪ ስለ ከተማው ነፋስና አቧራ ሲያማርር የኖረ ነው። በ2012 እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት የሆኑ 34 የነፋስ መዘውሮች ከከተማው በላይ ባሉት ከፍታዎች ላይ ቆመው 51 ሜጋዋት መስጠት ጀመሩ። በ2015 ደግሞ ሌሎች 102 መዘውሮች ተጨምረው 153 ሜጋዋት ሰጡ። ሁለቱም የተሠሩት በቻይና ኩባንያዎች ነው። በድምሩ 204 ሜጋዋት መሆኑ ነው፤ ይህም የቆቃን፣ የአዋሽ ሁለተኛንና የአዋሽ ሦስተኛን ድምር፣ ማለት 107.2 ሜጋዋትን፣ በእጥፍ ሊጠጋ ይቃረባል።

ሆኖም ሜጋዋትን ከሜጋዋት ጋር እንዲህ ማወዳደር ሊያሳስት ይችላል። የውሃው ሜጋዋት ሲጠሩት የሚመጣ ነው፤ በሩ ሲከፈት መዘውሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሣል፣ ሲዘጋም ይቆማል። የነፋሱ ሜጋዋት ግን እንግዳ ነው፤ በፈቀደው ሰዓት ይመጣል፣ በፈቀደው ሰዓት ይሄዳል። ነፋስን ማዘዝ አይቻልም። ይሁን እንጂ እንግዳው ልማድ አለው። በአዳማ ዙሪያ ነፋሱ የሚበረታው በተለይ በበጋው ወራት ሲሆን በነሐሴና በመስከረም ይደክማል። ይህ ለአገራችን ታላቅ ስጦታ ነው፤ ነፋሱ በሚደክምበት ጊዜ ወንዙ ይሞላል፣ ወንዙ በሚከሳበት ጊዜ ነፋሱ ይበረታል። ነፋሱ ሲነፍስ የግድቡን በር ጠበብ አድርጎ ውሃውን ማቆየት፣ ነፋሱ ሲተኛ በሩን መክፈት ይቻላል። በዚህ ዓይነት ነፋስ ራሱ ባይከማችም፣ ያልፈሰሰው ውሃ የነፋሱ ጎተራ ይሆናል።

ይህን ብልሃት ሌሎችም አገሮች ይጠቀሙበታል። ዴንማርክ ሜዳማ አገር ስለሆነች ነፋስ እንጂ ታላቅ ግድብ የላትም፤ ኖርዌይ ደግሞ ተራራማ ስለሆነች ግድቦች ሞልተዋታል። ሁለቱ አገሮች ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከባሕር በታች በተዘረጋ ሽቦ ተገናኝተዋል። በዴንማርክ ነፋሱ ሲበዛ ትርፉ ወደ ኖርዌይ ይሄድና ኖርዌይ ውሃዋን ትቆጥባለች፤ በዴንማርክ ነፋሱ ሲጠፋ የኖርዌይ ውሃ ይመልሳል። ሁለቱ መንግሥታት በባሕር ተለያይተው በሽቦ የሚያደርጉትን ነገር፣ በእኛ አገር ቆቃና የአዳማ ተራሮች እርስ በርሳቸው እየተያዩ ሊያደርጉት ይችላሉ። ቆቃ ብቻውን ለነፋሱ ሁሉ አይበቃም፤ ታላላቆቹ ግድቦች ሊረዱት ይገባል። ሥርዓቱን ግን ከአንድ ከተማ ዳርቻ ሆኖ በዓይን ማየት የሚቻለው እዚህ ነው።

ከአዳማ በስተ ደቡብ ወደ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ከተማ ስንወርድ ሦስተኛውን ምንጭ እናገኛለን። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የአሉቶ ተራራ አለ፤ ከተራራውም ሥር የእሳተ ገሞራ ሙቀት የታመቀ ነው። የምድር እንፋሎት ፍለጋ በአገራችን የተጀመረው በ1969 በተባበሩት መንግሥታት ርዳታ ሲሆን፣ በአሉቶ ከ1981 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት 8 ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ጉድጓዶቹ እስከ 2,500 ሜትር ገደማ የሚጠልቁ ናቸው፤ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀትም ተገኘባቸው። ነገር ግን ከቁፋሮው እስከ ኤሌክትሪኩ ድረስ ከ10 ዓመት በላይ አለፈ፤ 7.3 ሜጋዋት የሚሰጠው የሙከራ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። እርሱም ብዙ ሳይቆይ በብልሽት ቆመ፤ በ2007 ተጠግኖ ተነሣ። ጎረቤታችን ኬንያ በ1981 በኦልካሪያ በ15 ሜጋዋት ጀምራ ያለማቋረጥ በመቆፈርና ባለሙያ በማሠልጠን ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ሰፊውን ክፍል ከእንፋሎት ታገኛለች። መነሻችን ተቀራራቢ ነበረ፤ የለያየን በሥራው ላይ መጽናት ነው። በ2020 በአርሲ በኩል በቱሉ ሞዬ አዲስ ቁፋሮ መጀመሩ ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚረዳ እርምጃ ነው።

የእንፋሎት ጠባይ ከውሃም ከነፋስም ይለያል። ዝናም ቢጠፋም ነፋስ ቢተኛም ሌትና ቀን እኩል ይሠራል። እንደ ግድብ በር ቶሎ ቶሎ መክፈትና መዝጋት አይመቸውም፤ እንደ ቤት ምሰሶ ቆሞ ሌሎቹ እንዲተጣጠፉ ይደግፋል። አራተኛው ምንጭ ደግሞ ከአዳማ አጠገብ በወንጂ ይገኛል። የስኳር ፋብሪካ አገዳውን ከጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ገለባ አንድዶ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ያወጣል። አገዳ የሚጨመቀው በአብዛኛው በበጋ ነው፤ በክረምት ፋብሪካው ለጥገና ይቆማል። ስለዚህ ገለባውም እንደ ነፋሱ ውሃው በሚያጥርበት ወቅት ይደርሳል። ውሃ፣ ነፋስ፣ እንፋሎትና ገለባ፣ አራቱ በመኪና በጥቂት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ተሰብስበው የሚገኙበት እንዲህ ያለ አገር ብዙ አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለኃይል ምንጮችም ይሠራል፤ የአገር ሁሉ ፍላጎት በአንድ ምንጭ ላይ ሲጫን ያጎብጣል፣ ሲከፋፈል ግን ይቀላል።

እስካሁን የተናገርነው ኃይል ስለሚሰጠው ወገን ነው። የሚቀበለውም ወገን የራሱ ድርሻ አለው። አንድ ምሳሌ እንስጥ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም 10 ዋት የሆኑ 300 አምፖሎች ከሚበሉት ጋር እኩል ነው። የቆቃ ሦስት መዘውሮች በሙሉ ጉልበታቸው ሲሠሩ በአንድ ጊዜ ሊያሞቁ የሚችሉት 14,400 ምጣድ ነው። በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ያሉ እናቶች ሁሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት ምጣዳቸውን ቢሰኩ አንድ ቆቃ አይበቃም፤ ከፊሎቹ በማለዳ፣ ከፊሎቹ ቀትር ላይ ቢጋግሩ ግን ያው ኃይል ለብዙዎች ይዳረሳል። በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባና የጂቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሲሆን በአዳማ ያልፋል። በ2018 የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክም ፋብሪካዎቹ ኃይል ይፈልጋሉ። መንግሥት በ2024 በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገዱ ላይ በዝተዋል። የመኪና ባትሪ ሁሉ ማታ ሰው ራቱን በሚያበስልበት ሰዓት ከተሰካ አዲስ ችግር ይሆናል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ወይም ነፋሱ በሚበረታበት ሰዓት ከተሰካ ግን ትርፍ ኃይል የሚጠራቀምበት ጎተራ ይሆናል። የመስኖ ውሃ መሳቢያም እንዲሁ ሰዓቱ ሊዘዋወር የሚችል ሥራ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሰዓትን የሚለይ ታሪፍና የሚያስረዳ አስተማሪ ሲኖር እንጂ በትእዛዝ ብቻ አይደለም። ሕዝብ ምክንያቱን ሲያውቅ ይተባበራል።

ከሰጪውና ከተቀባዩ መካከል ደግሞ ሽቦው አለ። በግድቡ ውሃ ሞልቶ ሳለ በከተማ መብራት ሲጠፋ ሰው ይደነቃል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያረጀ ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር ወይም የጠበበ መሥመር ነው። በ2013 የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ ኃይል የሚያመነጨውና የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለሕዝብ የሚያከፋፍለው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆኗል። የሥራ ክፍፍሉ የየራሱ ምክንያት አለው፤ ሆኖም ግድብ የሚያቅደውና የመንደር ምሰሶ የሚያቅደው ሰው በአንድ ካርታ ላይ ካልተነጋገሩ አንዱ ያመረተውን ሌላው ሊያደርስ አይችልም። ከጎረቤት አገሮች ጋር የተዘረጉትም ሽቦዎች የዚሁ ካርታ ክፍል ናቸው። ከጂቡቲ ጋር በ2011፣ ከኬንያ ጋር በ2022 ሥራ የጀመሩት መሥመሮች ትርፋችንን የምንሸጥባቸው ብቻ ሳይሆኑ፣ በድርቅ ዓመት የኬንያ እንፋሎት ሊረዳን የሚችልባቸው መንገዶችም ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ የተቀናጀ ዕቅድ ማለት ምንድን ነው? ወደ ቆቃ ተመልሰን ብንመለከተው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በነሐሴ ወር ከግድቡ በታች በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ሐይቁ ባዶ ቦታ እንዲኖረው ይፈልጋል፤ ጎርፉን የሚያቆምለት ያ ባዶ ቦታ ነውና። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ሐይቁ እስከ አፉ እንዲሞላ ይመኛል። የአገዳና የጥጥ ገበሬው በየካቲትና በመጋቢት ውሃው እንዲለቀቅለት ይጠይቃል። የነፋሱ ጣቢያ ደግሞ ነፋስ በተኛ ሰዓት ውሃው ወዲያው እንዲነሣለት ይሻል። አራቱም እውነት አላቸው። ከአራቱ አንዱ ብቻ በሩን ቢይዝ ሦስቱ ይጎዳሉ። ስለዚህ አራቱ ተቀምጠው ሐይቁ በየወሩ ምን ያህል ከፍታ ሊኖረው እንደሚገባ፣ በድርቅ ዓመት ማን አስቀድሞ እንደሚቀንስ፣ በጎርፍ ዓመት ማን አስቀድሞ እንደሚነገረው በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። ስምምነቱም በመሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚኖር ሳይሆን የወረዳው ሹምና ገበሬው የሚያውቁት መሆን ይገባዋል።

አንዳንድ ሰዎች፣ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ከሰጠን ወዲያ የቆቃ 43 ሜጋዋት ምን ይጠቅማል ይሉ ይሆናል። በቁጥር ብቻ ለሚመለከት ሰው ክርክሩ ትክክል ይመስላል፤ ቆቃ ከሕዳሴው መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን የቆቃ ዋጋ በዚህ ሚዛን አይለካም። የአዋሽን ጎርፍ የሚይዝ፣ ከበታቹ ያሉትን ሁለት ጣቢያዎች የሚመግብ፣ የበጋውን መስኖ የሚያደርስ፣ ለአዳማ ፋብሪካዎችና መዘውሮች ቅርብ ሆኖ የሚረዳ ሌላ ግድብ በሥፍራው የለም። ከሩቅ የሚመጣ ሽቦ በተቋረጠ ጊዜም ቅርብ ያለ ምንጭ የሚሰጠው ርዳታ ትልቅ ነው። ስለዚህ የቆቃን ሐይቅ ከደለል ማዳን የአንድ አሮጌ ጣቢያ ጥገና ብቻ አይደለም። ሥራው የሚጀመረውም ከግድቡ ሳይሆን ከደጋው እርሻ ነው፤ እርከን በተሠራ፣ ዛፍ በተተከለ፣ ቦረቦር በተዘጋ ቁጥር ለአዳማ ከተማ መብራት እየተቆጠበ ነው። ይህን የሚሠራው የደጋ ገበሬ ከመብራቱ ድርሻ ሳያገኝ ቢቀር ግን ፍርድ የጎደለው ይሆናል። በ2017 በወጣው የብሔራዊ ኤሌክትሪክ ማዳረስ መርሐ ግብር በ2025 ለሁሉም ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ታስቦ ነበረ፤ ያ ዓመት ካለፈም በኋላ በአገራችን ብዙው ምድጃ የሚነደው ገና በእንጨትና በከሰል ነው። የሚቆረጠውም ዛፍ አፈሩን ያራቁታል፤ አፈሩም ወርዶ ሐይቁን ይሞላል። ገበሬው ምጣዱን በኤሌክትሪክ ለማሞቅ ቢችል ዛፉ ይተርፋል፣ ዛፉ ሲተርፍ ሐይቁ ይተርፋል።

ለዚህ ሁሉ ሦስት ወገኖች ያስፈልጋሉ። የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ኃይል ዕቅድ ሲጽፉና ሲወስኑ ከሜጋዋቱ ቁጥር አጠገብ ኃይሉ የሚደርስበትን ወርና ሰዓት፣ ቢጎድል የሚተካውንም ምንጭ አብረው እንዲጽፉ እናሳስባለን። መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ወደ ቆቃና ወደ አዳማ ተራሮች ይዘው ቢወጡ፣ የጂኦግራፊው፣ የፊዚክሱና የታሪኩ ትምህርት በአንድ ቀን በአንድ ሥፍራ ይገኛል። ተማሪዎችም ነገ ውሃውን፣ ነፋሱንና እንፋሎቱን የሚመሩት እነርሱ መሆናቸውን አውቀው የአንዱን ብቻ ሳይሆን የሦስቱንም ጠባይ ይማሩ። የአዋሽ ወንዝ ጣቢያዎች ያለ ኮምፒዩተርና ያለ ሳተላይት በተሠሩበት ዘመን አንዱ ውሃ ሦስት ጊዜ እንዲሠራ ማሰብ ከተቻለ፣ ዛሬ መሣሪያው በእጃችን ሳለ አራቱን ምንጮች አንድ ላይ እንዲሠሩ ማድረግ የማንችልበት ምክንያት የለም።